ያለ እኛ ይሠራል ብላ የመሰከረችው ሴት

ብላንሽ ቴሪዮ አጭር ነበረች፤ ትከሻዋ ግን እንደ እንጨት ቆራጭ ሰፊ ነው። ያሰፋው ሥራዋ ነው። ጫማ በእጅ የሚሰፋ ሰው ቀኑን ሙሉ ሁለት ክንዱን ወደ ጎን እየዘረጋ ክር ሲስብ ይውላል፤ ከሩቅ ለሚያየው ለመብረር አስቦ ከወንበሩ ያልተነሳ ወፍ ይመስላል። ከሃያ ዓመት በላይ እንዲህ የዋለች ሴት ኮት የምትገዛው ከወንዶች መደርደሪያ ነው። ብላንሽም እንደዚያው ነበር የምታደርገው፤ በዚህ ደግሞ አታፍርም።

እኔ እሷ በምትሠራበት፣ ካናዳ ድንበር አጠገብ ባለ የጫማ ፋብሪካ ቆዳ ቆራጭ ነበርኩ። የቆረጥኩት ቆዳ ታጥቦና ረጥቦ ወደ እጅ ሰፊዎቹ ክፍል ይወጣል። እነሱ ፎርማ በሚባለው የእግር ቅርጽ እንጨት ላይ ይወጥሩታል፤ ከላይ ሌላ ቁራጭ እንደ ክዳን ያስቀምጡና ሁለቱን በወስፌና በሁለት መርፌ ያጋጥሟቸዋል። ስፌቱ በጫማው ጣት ዙሪያ ሲያልፍ ትርፉ ቆዳ መሸብሸብ አለበት። ሽብሽቡ እኩል ካልሆነ እኛ «ጫማው አኩርፏል» እንላለን። የብላንሽ ጫማ አያኮርፍም ነበር።

ይህን ግን ማንም ነግሯት አያውቅም። የክፍሉ ካቦ ኖርማንድ ዌሌት በየወንበሩ እየዞረ የተሰፋውን ያነሳል፣ አውራ ጣቱን በዙሪያው ያስኬዳል፣ ከዚያ ወይ «ይኼን ፍቺና እንደገና ስፊው» ይላል ወይም ዝም ብሎ ያስቀምጠዋል። ዝም ካለ ተመስገን ነው። ሁለቱ በአንድ የደብር ትምህርት ቤት ያደጉ ናቸው፤ እሁድ እሁድ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ይቆማሉ። ሆኖም በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ከዚያ ዝምታ የተሻለ ነገር ከአፉ አልወጣም።

ብላንሽ ደግሞ ስለ ሥራዋ ጥርጣሬ አልነበራትም። «ማሽን ክፍሉ ቢቃጠል የአንድ ሳምንት ሥራ ይጓደላል» ትል ነበር። «እኛ አስራ ሁለታችን ጉንፋን ቢይዘን ግን በሩ ይዘጋል።»

በመስከረም አድማ ስንመታ ይህ አባባል የሁላችንም ሆነ። ኩባንያው ከታይዋንና ከብራዚል የሚመጣው ርካሽ ጫማ አላስቀምጥ እንዳለው ነግሮን፣ በጥንድ የሚከፈለንን ቀንሶ የቤተሰብ ሕክምና መድኑን ሊያነሳ ነበር። በደብሩ አዳራሽ ድምፅ ሰጥተን ወጣን። ኩባንያው በሩን አልቆለፈም። እንዲያውም ወለል አድርጎ ከፈተውና ድንቻቸውን ነቅለው የጨረሱ ገበሬዎችን፣ ከወንዙ ላይኛው ጫፍ ደግሞ ሥራ ያልነበራቸውን ሴቶች አስገባ።

በሁለተኛው ሳምንት የአውራጃው ጋዜጣ ሰው ካሜራ አንጠልጥሎ መጣ። ብላንሽ ያን ቀን ጠዋት ከፋብሪካው ሱቅ ገብታ አዲሶቹ የሰፉትን አንድ ጥንድ ጫማ ገዝታ ነበር። በበርሜል እሳታችን አጠገብ ቆማ አንዱን ጫማ ወደ ላይ አነሳች፤ አመልካች ጣቷን በስፌቱ ውስጥ አሳልፋ በወዲያ በኩል አወጣችው።

«ይኼ ጫማ አይደለም፣ ወንፊት ነው» አለች። «ጻፍ። ያለ እኛ ከዚህ ቤት አንድ ጥንድ ደህና ጫማ አይወጣም።»

ሰውየው ጻፈ። ፎቶው በፊት ገጽ ወጣ፤ ብላንሽ ጣቷን ቀስራ፣ ከኋላዋ እኛ አፋችንን ከፍተን ስንስቅ። ቆርጠን ከበሩ ፊት ለፊት ካቆምናት የሳንቃ ጎጆ ግድግዳ ላይ ለጠፍነው። ጠዋት ጠዋት የመጣ ሁሉ ጣቷን በጣቱ ነክቶ ነበር ወደ ሰልፉ የሚገባው።

ኅዳር ሲገባ የሠራተኛ ማኅበሩ የአድማ ገንዘብ አለቀ። ቅዳሜ የባቄላ እራት በአዳራሹ ይቀርብልን ነበር፤ በኋላ የአተር ሾርባ ብቻ ሆነ። ወንዙ ዳር ዳሩን በበረዶ መርጋት ጀመረ። ከሁሉ ቀድማ የተናገረችው ሶላንዥ ሚሾ ናት፤ ሶላንዥ በብላንሽ ጎን ባለው ወንበር የምትሰፋ፣ ባሏ ወደ ደቡብ ሥራ ፍለጋ ሄዶ የቀረባት፣ ሁለት ልጆች ያሏት ወጣት ሴት ናት። እኛ ዘንድ ወጣት ሁሉ አሮጊቶቹን በፈረንሳይኛ «ማታንት» ይላል፣ አክስቴ ማለት ነው፤ ሶላንዥም ብላንሽን እንደዚያ ነበር የምትጠራት።

«ማታንት፣ አንድ ነገር ልንገርሽና አትቆጪኝ» አለቻት እሳቱ አጠገብ። «የማሞቂያው ዘይት አልቋል። ልጆቹን ኮት አልብሼ ነው የማስተኛቸው። እስከ ገና አንድ ነገር ካልተገኘ እገባለሁ።»

«የት ትገቢያለሽ?»

«የት እገባለሁ፣ እዚያ ነዋ» ብላ በአገጯ ወደ በሩ አመለከተች።

ብላንሽ አልተቆጣችም። እጇን ከእሳቱ ላይ አንስታ ኪሷ ከተተች። «እስከ ገና ጠብቂኝ» አለች።

የሚጠበቀው ነገር መንግሥት ሥራ ላጣ ሰው የሚከፍለው አበል ነበር። ማኅበሩ በሁላችንም ስም አመልክቶ ኩባንያው ተቃውሞ ነበር። ከዋናው ቢሮ የተላከልን ክላይድ ፍሬዘር የሚባል ሰው፣ ረጅም፣ ሁልጊዜ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል፣ አዳራሹ ምድር ቤት ሰብስቦን ሕጉን አስረዳን።

«ዘግተውባችሁ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር» አለ። «አሠሪ በሩን ዘግቶ ሠራተኛ ሲከለክል አበል ይከፈላል። እኛ ግን በራሳችን እግር ነው የወጣነው። በዚህ ስቴት አድማ የመታ ሰው አበል የሚያገኘው ፋብሪካው ሥራው ካልተቋረጠ ነው።»

«ካልተቋረጠ ነው ያልከው?» አለ ሮዜር። ሮዜር ሽማግሌው የሶል ማጣበቂያ ሠራተኛ ነው፤ ጆሮው ትንሽ ይደክመዋል።

«ካልተቋረጠ። ያለ እናንተ እንደ ወትሮው ከሠራ፣ እናንተ ሥራ ፈላጊ ናችሁ፤ አበል ታገኛላችሁ። ከቆመ ግን ያቆማችሁት እናንተ ናችሁ፤ አታገኙም።»



«እንግዲህ ስናሸንፍ እንራባለን፣ ስንሸነፍ እንበላለን በለና!» አለ ሮዜር።

«ሕጉን እኔ አላወጣሁትም።»

«አይ፣ ያወጣው ሰው እንኳ እዚህ ቢኖር እጁን እጨብጠው ነበር።»

ሶላንዥ ወደ ብላንሽ ዞረች። «ማታንት፣ ያንን ጣትሽን ከወንፊቱ እንዴት አድርገሽ ነው የምታወጪው?»

ሁሉም ሳቀ። ብላንሽ አልሳቀችም። የኩባንያው ጠበቃ እሷን ለምስክርነት አስጠርቷት ነበር፤ ወረቀቱ የደረሳት ያን ዕለት ጠዋት ነው።

ከዚያ በኋላ በበሩ ላይ የነበረን ጠባይ ተለወጠ። ድሮ የጭነት መኪና ሳይወጣ ሲውል እንጮህ፣ ድስት እንመታ ነበር። አሁን መኪና ሳይወጣ ከዋለ ሰው ፊቱ ይጠቁራል።

«ዛሬም አልወጣም እንዴ?» ይላል ሮዜር እጁን እያሻሸ። «እነዚህ ሰነፎች ውስጥ ምን እየሠሩ ነው?»

አንድ ማታ ተረኞቹ አድማ ሰባሪዎች ሲወጡ እንደ ልማዳችን ተሰልፈን ጠበቅናቸው። ስድቡ ከአፋችን ይወጣል፤ ልብ ግን የለውም። መጨረሻ ላይ የወጣው ጣቶቹን በፋሻ የጠቀለለ፣ ጎልማሳ የድንች ገበሬ ነበር። ሶላንዥ ሌባ ልትለው አፏን ከፈተችና፣

«ክሩን ሰም አብዝታችሁ ቀቡት!» ብላ ጮኸች።

ሰውየው ቆመ። «እየሰደብሽኝ ነው ወይስ እየመከርሽኝ?»

«እኔም አላውቅም» አለች።

ሰውየው ትንሽ አሰበና «ሰሙን የሚደብቁት የት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ። ከእሱ በኋላ ያን ማታ ማንም ማንንም አልሰደበም።

የብላንሽ ባል አርማንድ የሱፍ ፋብሪካ ብናኝ ሳንባውን የበላው ሰው ነው። ከመስኮቱ አጠገብ ባለች ወንበር ተቀምጦ፣ ቀን ቀን ወንዙን ያያል፣ ማታ ማታ ራዲዮ ይሰማል። ምስክርነቱ አንድ ቀን ሲቀረው ሰልፉን የተመለከተ ነገር ልነግራት ቤቷ ሄጄ ነበር፤ እራት ላይ ደረስኩ።

«ምን ልትያቸው ነው?» አላት አርማንድ።

«የሚያስፈልገውን።»

«ሰው በየመንገዱ ይዋሻል፣ ምንም አይደል። መጽሐፍ አስይዘው ሲያስምሉሽ ግን...»

«አርማንድ፣ ሾርባህን ብላ።»

«እበላለሁ። እኔ የምለው፣ ስለ ሌላ ነገር ብትዋሺ ይሻል ነበር። ስለ ጫማ ከምትዋሺ ስለ እኔ ብትዋሺ ይሻላል።»

«ስለ አንተስ ሃያ ዓመት ዋሽቻለሁ። ለእናቴ ደህና ሰው ነው እንዳልኳት ነው የሞተችው።»

ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ጀርባውን መታ መታ አደረገችለት። ወደ እኔ ዞራ «አንተ ሊዮ ምን ታፈጣለህ፣ ዳቦ ውሰድ» አለችኝ።

የአበሉ ጉዳይ የተሰማው ከእሳት አደጋ ጣቢያው በላይ ባለው ክፍል ነው። ጉዳይ ሰሚዋ ጉንፋን የያዛቸው፣ መሐረባቸውን ከእጃቸው የማያወርዱ አሮጊት ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ድምፅ መቅጃ ተቀምጧል። እኛ ከኋላ ባሉት ታጣፊ ወንበሮች ላይ ኮታችንን እንደለበስን ተደረደርን፤ የቆመም ብዙ ነበር። የኩባንያው ጠበቃ ገና ወጣት ነው፤ ሲያልፍ የሰው እግር እንዳይረግጥ እየተጠነቀቀ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» የሚል ጨዋ ሰው ነበር።

መጀመሪያ የቆመው ኖርማንድ ዌሌት ነው። የሠርግና የለቅሶ ልብሱን ለብሷል። ጠበቃው ስለ እጅ ሰፊዎቹ ጠየቀው።

«የፋብሪካው ልብ እነሱ ናቸው» አለ ዌሌት፣ ጠረጴዛውን እያየ። «የቀረው ክፍል ሁሉ እነሱ የሰፉትን ነው የሚጨርሰው።»

«በምትካቸው የተቀጠሩትስ?»

«ይሞክራሉ። ይደክማሉ። አይችሉም ግን።»

«ከቀድሞዎቹ መካከል ሚስስ ቴሪዮን እንዴት ይገልጿቸዋል?»

የዌሌት አውራ ጣት በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ወዲህ ወዲያ ይሄድ ነበር።

«በዚህ ስቴት እንደ እሷ የሚሰፋ ሰው አላውቅም» አለ። «ድንበሩን ተሻግረው ካናዳ ቢፈልጉም አያገኙም። የጫማውን ጣት ዙሪያ ስትሸበሽብ... እኔ እንጃ፣ ጣቷ ራሱ የሚያስብ ይመስለኛል። አንዳንዴ የሰፋችውን አንስቼ መልሼ ለማስቀመጥ እሳሳለሁ።»

«እንደ እሳቸው ለመስፋት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?»

«ሦስት ዓመት። ከዚያም ቢሆን እንደ እሷ አይሆንም።»

ዌሌት ፋብሪካው ያለ እኛ ቆሟል ለማለት፣ አበላችንንም ለማስቀረት የመጣ ምስክር ነው፤ የተናገረው ግን እውነት እንደሆነ የማያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም። ከብላንሽ ሁለተኛ ወንበር ላይ ነበርኩ። ጆሮዋ እስከ ጫፉ ቀላ።

«ማታንት» አለች ሶላንዥ በሹክሹክታ፣ «ሰውየው ሊያለቅስልሽ ነው እኮ።»

«ዝም በይ።»

የብላንሽ ተራ ደረሰና ማለች። ክላይድ ጥቂት ነገር ጠይቋት ተቀመጠ። ከዚያ የኩባንያው ጠበቃ ያንን የጋዜጣ ፎቶ ፊቷ አስቀመጠ።

«ይህ ጣት የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«'ያለ እኛ ከዚህ ቤት አንድ ጥንድ ደህና ጫማ አይወጣም' ብለዋል?»

«ብያለሁ።»

«እውነት ነበር?»

«ጉራ ነበር።»

«ጉራ?»

«አድማ ላይ ያለ ሰው ብርድ ይይዘዋል። ጉራ ካልነዛ በምን ይሞቃል?»

ጉዳይ ሰሚዋ በመሐረባቸው ውስጥ ፈገግ ያሉ መሰለኝ። ጠበቃው ከሳጥን አንድ ጫማ አውጥቶ ሰጣት። «ይህ ባለፈው ሳምንት የተሰፋ ነው። ይመልከቱት እስቲ።»

ተቀበለችው። አውራ ጣቷ ማንም ሳያዘው ወደ ጫማው ጣት ዙሪያ ሄደ፤ በግራ በኩል ሲደርስ ቆመ። ከተቀመጥኩበት ሆኜ ጫማው ማኩረፉን አይቻለሁ። ክሩ ደርቋል፤ ሽብሽቡ በአንድ ወገን ተከምሮ በሌላው ወገን ሳስቷል። ይህን ዌሌት ቢያገኘው ከእጇ ሳይቀበላት ነበር ፍቺው የሚላት። እሱም አጎንብሶ አውራ ጣቷን ነበር የሚያየው።

«ጥሩ ስፌት ነው?» አለ ጠበቃው።

«ጥሩ ነው።»

«ሚስስ ቴሪዮ፣ በመሐላ ላይ ነዎት።»

«ሱቅ ውስጥ ባየው እገዛዋለሁ።»

«እንዲህ መስፋት ለመማር ምን ያህል ጊዜ ይበቃል?»

ጫማውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ እጇን ከላዩ አላነሳችም።

«ሁለት ሳምንት» አለች።

«ሚስተር ዌሌት ሦስት ዓመት ብለዋል።»

«ሚስተር ዌሌት ደግ ሰው ናቸው። አብረን ነው ያረጀነው። እጅ ያለው ሰው ሁሉ ይሰፋል።»

«ማንም?»

«ማንም» አለች ብላንሽ።

ከዚያ በኋላ ስለ ተጫነው ጫማ ብዛት፣ ስለ መኪኖቹ፣ ስለ ትዕዛዝ ብዙ ተባለ፤ ጉዳዩም የሚወሰነው በዚያ ነበር። እኔ ግን ብዙውን አልሰማሁትም። ሌላውም የሰማው አይመስለኝም።

ስንወጣ ዌሌት ደረጃው ሥር ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ይጠብቃት ነበር።

«ብላንሽ፣ ያልኩት እውነት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ጠበቃው አይደለም ያስጠናኝ።»

«ኖርማንድ፣ ቀደም ብለህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

ባርኔጣውን አዟዟረው። «የሚነገረው ስህተት ሲኖር ነው። እኔም እንዲያ ነው የተማርኩት።» ከዚያ «አርማንድ እንዴት ነው?» አላት።

«ያስለዋል» አለችው።

በቀጣዩ እሁድ ብላንሽ ቁርባን ለመቀበል አልተነሳችም። ረድፉ ሲያልፍ ጉልበቷን ወደ ጎን አድርጋ አሳለፈችን።

ውሳኔው ከገና በፊት መጣ። ፋብሪካው በሌሎች ሠራተኞች አማካይነት ሥራውን በአብዛኛው እንደቀጠለ ስለታመነበት አበሉ ይከፈል የሚል ነበር። ክላይድ በአዳራሹ አነበበልን። አጨበጨብን፤ ግን ሰው እርስ በርሱ እየተያየ አልነበረም ያጨበጨበው።

«እንኳን ደስ አላችሁ» አለ ሮዜር፤ «አታስፈልጉም።»

ያም ሆኖ ሶላንዥ ዘይት አስሞላች። ልጆቿ ኮታቸውን አውልቀው ተኙ። ወደ ውስጥ የገባ ሰው አልነበረም፤ በዚያ ክረምት ከእኛ መካከል አንድም ሰው ያንን በር አላለፈም። ለዚህ ብላንሽን ያመሰገናት ሰው ግን ጥቂት ነው። እንዴት ብሎ ያመሰግናል? «ሙያችንን ስለካድሽልን» ይባላል?

አበሉን ለመጀመር እያንዳንዱ ሰው ከተማ ባለው የአበል ቢሮ ቀርቦ ቃል መስጠት ነበረበት። ብላንሽ ከእኔ ፊት ነበረች። ጸሐፊው ክራባት ያሰረ፣ ድምፁ ቀስ ያለ ሰው ነው።

«ሙያ?»

«የእጅ ሰፊ።»

አንድ ወረቀት ገለጠ። «ሚስስ ቴሪዮ፣ እዚህ በመሐላ የሰጡት ቃል አለ። ማንም ሰው በሁለት ሳምንት የሚለምደው ሥራ ነው ብለዋል።»

«ብያለሁ።»

«እንዲያ ከሆነ ልዩ ሙያ ብዬ ልጽፈው አልችልም። ልዩ ሙያ ያለው ሰው ለሙያው የሚሆን ሥራ እስኪያገኝ እንጠብቀዋለን። የሌለው ሰው ግን የተገኘውን መቀበል አለበት፤ አለዚያ አበሉ ይቋረጣል። ሆስፒታሉ ለልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ሰው ይፈልጋል።»

«ከእኔ ጋር የሚሰፉት ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹ አልማሉም።»

ከኋላዋ ቆሜ ነበር። ያሰበችውን ከጀርባዋ ማንበብ ይቻላል። ዋሽቻለሁ ማለት ትችላለች። ያን ካለች ኩባንያው ይግባኝ ሊልበት ገና ቀኑ አላለፈም፤ የሶላንዥ ዘይት፣ የሮዜር ሾርባ፣ የሁላችንም ነገር ተመልሶ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል።

«ቃሉ ትክክል ነው?» አላት ጸሐፊው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደግሞ ጠየቃት። «ማስተካከል የሚፈልጉት ነገር የለም?»

«ትክክል ነው» አለች። «ማጠቢያው ስንት ሰዓት ይገባል?»

በቀጣዩ ሰኞ ገባች። የእኛ አበል መምጣት ሲጀምር የእሷ ሳይጀምር ቆመ። ጎህ ሲቀድ ሄዳ ከሰዓት በኋላ ትወጣለች፤ ከዚያ ቀጥታ ወደ ሰልፉ መጥታ እሳቱ አጠገብ ትቆማለች። እጆቿ በረኪና በረኪና ይሸታሉ፤ የጣቶቿ ጫፍ ጫፍ ላይ የነበረው የክር ጠባሳ እየለሰለሰ ሄደ። ሶላንዥ ባየቻት ቁጥር ቦታ ትለቅላታለች። አንድ ቀን ሶላንዥ አለቀሰች።

«ማታንት፣ በእኔ ምክንያት ነው።»

«አንቺ ደግሞ ራስሽን ትልቅ ሰው አድርገሽ ታያለሽ» አለቻት ብላንሽ። «አፍንጫሽን ጥረጊ፣ በረዶ ይሠራብሻል።»

በሚያዝያ በረዶው ሲቀልጥ ስምምነት ተደረሰ። ከፈለግነው ግማሹን አገኘን፤ የጥንዱ ክፍያ ትንሽ ተቀነሰ፣ የራሳችን መድን እንዳለ ቆየልን፣ የቤተሰቡ ግን ተነሳ። ድምፅ ስንሰጥ የተቃወመ ሰው ነበረ፤ የደከመው ሰው ግን ይበልጥ ነበር። አዲሶቹ ተሰናበቱ። ያ ድንች ገበሬም ወደ ማሳው ተመለሰ። በአገልግሎት ዘመን ቅደም ተከተል እየተጠራን ገባን፤ ከእጅ ሰፊዎቹ የመጀመሪያዋ ተጠሪ ብላንሽ ነበረች። አልመጣችም።

ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ልጠይቃት ሄድኩ። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ሌላ ወንበር ላይ ሰቅላለች። አርማንድ ተኝቷል፤ ሆስፒታሉ የሠራተኛ ቤተሰብን ሕክምና ስለሚሸፍን አዲስ መድኃኒት ተሰጥቶት ነበር፤ ሳሉ ቀንሷል። ወንበሯ ባዶ እንደሆነ፣ ማንም እንዳልተቀመጠበት ነገርኳት።

«ስለ አርማንድ ነው የቀረሽው?» አልኳት።

«ስለ አርማንድም ነው።» እግሯን አሸች። «ወስፌዬን ባለፈው ለማየት ያህል አወጣሁት። እጄ ያዘው፤ ልቤ ግን ያ ድምፅ መቅጃ ሲዞር ነው የሚሰማው። እንደዚያ ሆነሽ ምን ትሰፊያለሽ?» የምታወራው ከራሷ ጋር ነበር።

ግድግዳው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። እጇን ዘርግታ አነሳችው። የዌሌት ድምፅ ከስልኩ አልፎ ይሰማል፤ ስልክ ላይ ሲያወራ ይጮኻል።

«ብላንሽ፣ ወንበርሽ እንዳለ ነው። ሰኞ ነይ።»

«አልመጣም ኖርማንድ። ሌላ ሰው አስቀምጥበት።»

«ማንን?»

«ማንንም» አለች።

ከዚያ ጠዋት በጊዜ እንደምትነሳ ነገረችውና ስልኩን ሰቀለች።